«ዲስክ ገብቶላታል» የተባለች ቮልስ ስንት ታወጣለች?

የአዲስ አበባ የመኪና ደላሎች አሮጌ ቮልስ ሲያሻሽጡ የሚያስቀድሟቸው የታወቁ ቃላት አሉ። ቀለሟ አዲስ ነው፣ ሞተሯ ተፈትቶ ተሠርቷል፣ ቦሎዋ ታድሷል ይላሉ። በእነዚህ ላይ «ዲስክ ገብቶላታል» የምትል ሐረግም ትጨመራለች። ሐረጓ አጭር ብትሆንም በጥሪው ዋጋ ላይ የራሷን ድርሻ ትወስዳለች። ገዢው ግን የተጨመረውን ገንዘብ ለምን እንደሚከፍል አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቅም። ሻጩም ቢጠየቅ «ፍሬኗ እንደ ዘመናዊ መኪና ነው» ከማለት አያልፍም።

ጥያቄው ዛሬ ክብደት የሚሰጠው አሮጌ መኪና እንደ ቀድሞው የሚናቅ ንብረት ባለመሆኑ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ ከተገለጸ ወዲህ ቀድሞ የገባ የቤንዚን መኪና በሌላ ዓይን ይታያል። ቮልስ ደግሞ ከዚያም በፊት ምንጯ የደረቀ መኪና ነች። ጀርመን እሷን መሥራት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1978 ሲሆን፣ የመጨረሻዋ ቮልስ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ነው። እስከዚያ ቀን የተሠሩት በጠቅላላው 21,529,464 ናቸው። ከእንግዲህ በገበያው ላይ የሚዞረው ያው ቀድሞ የተሠራው ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲሸጥ ደግሞ ምኑ የራሱ፣ ምኑ የሌላ እንደሆነ ማወቅ የዋጋው ግማሽ ነው።

ፋብሪካው የሰጣት ፍሬን

አብዛኞቹ ቮልሶች ከፋብሪካ ሲወጡ አራቱም ጎማዎቻቸው የሚያዙት በታምቡር ነው። ታምቡር ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ከበሮ መሰል ብረት ሲሆን ፔዳሉ ሲረገጥ በውስጡ ያሉት ሸራ የለበሱ ሁለት ጫማዎች ወደ ውጭ ተከፍተው ግድግዳውን ይይዙታል። ዲስክ ግን ገላጣ ነው። ጠፍጣፋው ብረት በካሊፐር ውስጥ ባሉት ሁለት ፓዶች መሐል ይቆነጠጣል። ነፋስ ስለሚያገኘው ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፣ ውኃ ሲነካውም ቶሎ ይደርቃል። የዲስክ ጥቅም በዋናነት ይኸው ነው።

ታምቡርም የራሱ በጎ ጎን አለው። ጎማው ሲዞር ጫማውን ይዞ ወደ ግድግዳው ስለሚስበው ፍሬኑ ራሱን በራሱ ያግዛል። ዲስክ ይህ ጸባይ ስለሌለው የበለጠ የዘይት ግፊት ይፈልጋል። ብዙ ሰው «ዲስክ ካስገባሁ በኋላ ፔዳሉ ደረቀብኝ» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዲስክ የታየባት ቮልስ ሁሉ የተነካካች አይደለችም። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1966 ጀምሮ ለአውሮፓ ገበያ በሠራቸው ባለ 1500 ሞተር ቮልሶች ላይ የፊት ዲስክ ይገጥም ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት 1302 ኤስ እና 1303 ኤስ የተባሉትም የፊት ዲስክ ነበራቸው። እንዲህ ያለችውን መኪና «የተቀየረች» ብሎ ዋጋዋን ማውረድ የሻጭ ኪሳራ ነው። በአንጻሩ የ1960ዎቹን መጀመሪያ ቮልስ «ከፋብሪካ ከዲስክ ጋር የመጣች» ብሎ መሸጥ ውሸት ነው።

ይህን ለመለየት የሊብሬውን ዓመተ ምሕረት ብቻ ማየት አይበቃም። የኋላው መቀመጫ ሲነሣ በወለሉ መሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ የሻንሲው ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የዚህ ቁጥር ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ያመለክታል። ለምሳሌ 117 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ያላት መኪና የ1967 ሞዴል ናት ማለት ነው። ፋብሪካው የአዲሱን ዓመት ሞዴል የሚጀምረው ካለፈው ዓመት ኦገስት ስለሆነ መኪናዋ የተሠራችው በ1966 መጨረሻ ሊሆንም ይችላል። ቸርኬውም ይናገራል። የቀድሞዎቹ ቮልሶች ቸርኬ በአምስት ቡሎን የሚታሰር ሲሆን፣ ከፋብሪካ ከዲስክ ጋር የወጡት ባለ 1500ዎቹና ከ1968 ሞዴል ወዲህ ያሉት ባለ አራት ቡሎን ናቸው። የፊቱ አራት የኋላው አምስት ቡሎን ሆኖ ከተገኘ አንድ ሰው የሁለት ዘመን መኪና አጋብቷል። እንዲህ ያለችው መኪና ተቀያሪ ጎማዋ ከሁለት ጎማዎች በቀር ለሌሎቹ አይሆንም።

የማይታየው ቅያሬ

ደላላው ዲስኩን የሚያስቀድመው በቸርኬው ቀዳዳ ስለሚያብረቀርቅ ነው። ለአሮጌ ቮልስ ከሁሉ የሚበልጠው የፍሬን ማሻሻያ ግን ጨርሶ ከውጭ አይታይም።

እ.ኤ.አ. ከ1967 አጋማሽ በፊት በአውሮፓ የተሸጡት ቮልሶች የፍሬን ዘይት የሚሄደው በአንድ መሥመር ነው። ፔዳሉ የሚገፋው ዋናው ሲሊንደር፣ ማለትም ፍሬን ማስተሩ፣ ለአራቱም ጎማዎች በአንድነት ይልካል። ታዲያ ከአራቱ በአንዱ በኩል ቱቦው ቢፈነዳ ወይም ጎሚኒው ቢያፈስ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። በኋላ የመጣው ባለ ሁለት መሥመር ማስተር ፊቱንና ኋላውን ይለያል። አንዱ ቢጠፋ መኪናዋ ረዝማ ትቆማለች እንጂ መቆሟ አይቀርም።

ስለዚህ አራት ጥሩ ታምቡርና ባለ ሁለት መሥመር ማስተር ያላት የ1963 ቮልስ፣ የፊት ዲስክ ገብቶላት ማስተሯ ባለ አንድ መሥመር ከቀረው እኅቷ ይልቅ የታመነች ናት። ገበያው ግን የሚከፍለው ለሁለተኛይቱ ነው። እዚህ ላይ ገበያው ተሳስቷል፤ የሚያውቅ ገዢም የሚያተርፈው ከዚሁ ስሕተት ነው።

ለማወቅ መካኒክ መሆን አያሻም። የፊት ክዳን ተከፍቶ የፍሬን ዘይት ዕቃው ይታያል። ከሥሩ የሚወርዱት ቱቦዎች ሁለት ከሆኑ ባለ ሁለት መሥመር ነው፤ አንድ ብቻ ከሆነ እንደ ጥንቱ ነው። ከተጠራጠሩ የግራው የፊት ጎማ ወልቆ ከኋላው ማስተሩን ራሱን ማየት ይቻላል።

ግማሽ ሥራ የሚያመጣው መዘዝ

ፍሬን የሚሠራው በስብስብ ነው። ማስተሩ፣ ቱቦው፣ የጎማው ሲሊንደርና የፊትና የኋላው ድርሻ ተመዛዝነው የተሠሩ ናቸው። አንዱን ነቅሎ ሌላ መትከል የሚቻል ቢሆንም ሚዛኑን ማስተካከል ግን የግድ ነው። በየጋራዡ የሚታየው ችግር ዲስኩን ገጥሞ የቀረውን እንደነበረ መተው ነው።

ለታምቡር በተሠራ የድሮ ማስተር ውስጥ እግር ከፔዳሉ ከተነሣ በኋላም በመሥመሩ ላይ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ትንሽ ቫልቭ አለ። በታምቡር ላይ ይህ ግፊት የጎማው ሲሊንደር ጎሚኒ በደንብ እንዲከድን ይረዳል፤ ጫማውንም ጠንካራ ስፕሪንግ ስለሚመልሰው ጉዳት የለውም። ካሊፐር ግን እንዲህ ያለ መላሽ ስፕሪንግ ስለሌለው የቀረው ግፊት ፓዱን በዲስኩ ላይ ተለጥፎ እንዲቀር ያደርገዋል። መኪናዋ ፍሬን እንደያዘች ትሄዳለች፤ ቤንዚን ትጨርሳለች፤ ፓዱም ያለ ጊዜው ያልቃል፤ ዲስኩም ይግላል። የዚህ ምርመራ ቀላል ነው። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ፔዳሉ ተረግጦ ይለቀቅና ጎማው በእጅ ይዞራል። ዲስክ በመጠኑ ቢያሽ ያለ ነው፤ በእጅ አልዞር ካለ ግን ማስተሩ አልተቀየረም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የማስተሩ ስፋት ነው። አንዳንድ ሠራተኞች ለዲስኩ ብዙ ዘይት እንዲደርሰው ብለው ከሌላ መኪና የወጣ ሰፊ ማስተር ይገጥማሉ። ዘይቱ ይበዛል፤ ፔዳሉም አጭር ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጠውን ሰው ደስ ያሰኘዋል። ይሁን እንጂ የእግር ኃይል የሚከፋፈለው በስፋቱ ልክ ነው። የማስተሩ ውስጠኛ ስፋት ከ19 ወደ 22 ሚሊ ሜትር ቢያድግ በዚያው እግር የሚገኘው ግፊት በሩብ ገደማ ይቀንሳል። «ደረቅ ፍሬን ጠንካራ ፍሬን ነው» የሚለው አነጋገር ብዙ ገዢ ያታለለ ነው።

ሦስተኛው የፊትና የኋላ ድርሻ ነው። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ በመሆኑ ከክብደቷ 60 በመቶ ያህሉ የሚያርፈው በኋላ ጎማዎቿ ላይ ነው። ሞተሩ ከፊት ከሆነ መኪና የተነቀለ የፍሬን ስብስብ ለእሷ ልክ ሊሆን የማይችለው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ኋላዋ ከመጠን በላይ ከተጠናከረ በዝናብ በተነከረ አስፋልት ላይ የኋላ ጎማዎቿ ቀድመው ይቆልፉና ትዞራለች። አራቱንም ጎማ ዲስክ አድርጌያታለሁ የሚል ሻጭ የእጅ ፍሬኑን ምን እንዳደረገው መጠየቅ አለበት። በኋላ ዲስክ ላይ የእጅ ፍሬን መሥራት ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ደካማ ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዱም ጭራሹን አይገጥመውም። ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ አቁሞ እጅ ፍሬኑን ብቻ ስቦ መልቀቅ መልሱን ይሰጣል።

የደጋው አየርና የቆላው ቁልቁለት

የፔዳሉን ድርቀት ለማስወገድ አንዳንዶች አጋዥ ወይም ሰርቮ ይጨምራሉ። ቮልስ በተለምዶ ይህ አልነበራትም። ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየርና ሞተሩ በሚፈጥረው ባዶነት መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም በሃምቡርግ የተሞከረ ሰርቮ እንጦጦ ሥር ሲመጣ እገዛው በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ሰርቮውን ከንቱ አያደርገውም፤ ግን «በውጭ አገር በአንድ ጣት የሚያዝ ነው» ተብሎ የተወራለት ዕቃ እዚህ እንደዚያ ካልሆነ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

የፍሬን ዘይቱ ነገር ከዚህም ይብሳል። የተለመዱት ዶት 3 እና ዶት 4 የተባሉት ዘይቶች እርጥበት ከአየር ይጠጣሉ። ዶት 3 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ ሊቆይ ሲገባው፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ዘይቱ ሲፈላ በመሥመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆንና ወለል ይነካል። ከቦሌ ፒያሳ ለሚመላለስ ሰው ይህ የሩቅ ነገር ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ለሚወርድ ወይም ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ለሚያቀና ግን በዚያ ቁልቁለት ላይ ሕይወቱ የተንጠለጠለው በዚሁ ዘይት ነው። ፓዱ ተለጥፎ የሚሄድ ግማሽ ሥራ ዲስክ፣ ዘይቱ ካረጀ ጋር ሲገናኝ፣ ጥሩ ታምቡር ካላት መኪና ቀድሞ ያፈላል። ዶት 5 የተባለው የሲሊኮን ዘይት ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ሻጩ የትኛውን እንደሞላ ካላወቀ በላዩ ላይ ከመጨመር ሁሉንም አፍስሶ አጥቦ መሙላት ይሻላል።

ዓመታዊ ምርመራውን ማለፏስ ዋስትና አይሆንም ወይ የሚል ይኖራል። በምርመራ ጣቢያ የፍሬን መለኪያ ላይ የሚታየው በዚያች ደቂቃ የግራና የቀኝ ጎማ የያዙት መጠን ነው። ይህ ጠቃሚ መረጃ ነው፤ አንድ ጎን የሚጎትት መኪና እዚያ ይጋለጣል። መለኪያው ላይ የቆመች መኪና ግን ገና አልጋለችም። ዘይቱ ስንት ዓመት እንደቆየም ቦሎው ላይ አልተጻፈም።

ፓዱ የማን ነው?

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ አንድ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይቀድማል፤ ይህች መኪና የምትወስደው ፓድ የየትኛው መኪና ነው?

የፊት ዲስክ ወደ ቮልስ የሚገባባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ለቮልስ ተብሎ የተዘጋጀ ሙሉ ስብስብ ከውጭ አስመጥቶ መግጠም ነው። ጀርመን ወይም አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው በሻንጣ ያስመጣዋል። እንዲህ ያለው ዕቃ ካርቶንና የዕቃ ቁጥር ስላለው ከአምስት ዓመት በኋላም ፓዱንና የካሊፐሩን ጎሚኒ በቁጥሩ ማዘዝ ይቻላል። ሁለተኛው ከሶማሌ ተራ የሌላ መኪና ካሊፐርና ዲስክ ገዝቶ፣ ማያያዣውን ቶርኖ ቤት አስቆርጦ መግጠም ነው። የእኛ ቶርኖ ሠራተኞች እጃቸው የተባረከ ነው፤ ከእነርሱ ሥራ ለዓመታት ያለ ችግር የሚያገለግል አለ። ቢሆንም ካሊፐሩ የየትኛው መኪና እንደሆነ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ከሆነ፣ ፓዱ ያለቀ ቀን ባለቤቱ አሮጌውን ፓድ በእጁ ይዞ ሱቅ ለሱቅ መዞሩ ነው። ማያያዣው በብየዳ ከተያዘ ወይም የፊት አክሱ ተሞርዶ ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም።

አሮጌዎቹ ታምቡሮች አሉ ወይ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ታምቡሮቿ በካርቶን ተቀምጠው አብረው የሚሸጡ መኪና ለሁለት ዓይነት ገዢ ትሆናለች። ለመንዳት የሚፈልገው ዲስኩን ይይዛል፤ እንደ ቅርስ ሊያስቀምጣት የሚፈልገው ደግሞ ወደ ጥንቱ ይመልሳታል። ታምቡሩ በብረት ዋጋ ከተሸጠ የገዢው ቁጥር በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ለጥንታዊነቷ የሚከፍል ሰው የሚከፍለው ለምንም ነገር ሳይሆን ላለመነካቷ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ለማየት፣ ደላላው ስለ ዲስኩ ሲል 100 ሺህ ብር ጨመረ እንበል። ስብስቡ ሙሉ ከሆነ፣ ማስተሩ አብሮ ከተቀየረ፣ ደረሰኙና ታምቡሮቹ ካሉ፣ ገዢው ከዕቃው የዛሬ ዋጋ ላይ የአገልግሎት ዘመኑን ቀንሶ ቀሪውን ቢከፍል አይጎዳም። ማስተሩ የድሮው ከሆነ ግን የ100 ሺህ ብሩ ጭማሪ ይወድቃል፤ ከመነሻው ዋጋም የአዲስ ማስተርና የእጅ ዋጋ ይቀነሳል፤ ገዢው ያንን ሥራ ነገ ማሠራቱ አይቀርምና። የፓዱ ባለቤት ያልታወቀና በብየዳ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ሙሉ የፊት ፍሬን ከነአክሱ ፈልጎ ወደ ነበረበት መመለስ ምን ያስወጣል በሚለው ይጀምራል። ያኔ «ዲስክ ገብቶላታል» የሚለው ቃል ዋጋ የሚያወርድ ይሆናል።

የሞተሩም ጉዳይ አለ። በ1200 ሞተር ከተማ ውስጥ ለምትንሸራሸር ቮልስ የተስተካከለ ታምቡር ይበቃታል፤ ዲስኩ ጌጥ ነው። ሞተሯ ወደ 1600 ከፍ ብሎ ታምቡሯ እንደ ጥንቱ የቀረችው ግን በርካሽም ብትገኝ ታስፈራለች።

ቀብድ ከመከፈሉ በፊት

ከሻጩ ግቢ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል መንዳት ብዙ ይገልጣል። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉ ጠበቅ ተደርጎ ለአንድ ደቂቃ ሲያዝ ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ ማስተሩ ውስጥ ለውስጥ ያሳልፋል። ደጋግሞ ሲረገጥ ከፍ እያለ የሚመጣ ከሆነ በመሥመሩ አየር አለበት ወይም ጫማዎቹ ርቀዋል። ባዶ መንገድ ላይ መሪውን ለቀቅ አድርጎ ሲያዝ ወደ አንድ ወገን መሳቧ አንዱ ካሊፐር መያዙን ያሳያል። ከጉዞው በኋላ እጅን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠግቶ ሙቀታቸውን ማነጻጸር ነው። ግራና ቀኙ ተመሳሳይ መሆን አለበት። ገዢው የራሱን መካኒክ ይዞ ቢሄድ መልካም ነው፤ ደላላው የሚያመጣው መካኒክ የደላላው ነው።

በውሉ ላይም አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር ይገባል። ሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይይዛል እንጂ ስለ ፍሬን አይናገርም። ብዙው የመኪና ሽያጭ ውልም «ባለችበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» በሚል ይዘጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል፤ ገዢውም ዕቃውን እንደተረከበ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ስለዚህ «የፊት ፍሬኑ ወደ ዲስክ ተቀይሯል፤ ማስተሩ ባለ ሁለት መሥመር ነው፤ የካሊፐሩ ዓይነት ይህ ነው» ተብሎ በውሉ ላይ ከሰፈረ፣ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ገዢው የሚይዘው ነገር ይኖረዋል። ሐቀኛ ሻጭም ይጠቀማል፤ ቅያሬውን ስለገለጸ ከሦስት ወር በኋላ «ደበቅኸኝ» የሚለው የለም። ሙሉ ኢንሹራንስ የሚገባም ሰው ቅያሬውን ለኩባንያው በጽሑፍ አስታውቆ የማመልከቻውን ቅጂ ከሊብሬው ጋር ማስቀመጥ አለበት።